የኋላ እግሯ የሚያመልጥ ፖርሼን አደብ ማስያዝ፦ ለግራን ቱሪዝሞ 7 ተጫዋቾች

መኪና ኩርባ ላይ መሪው ካዘዛት በላይ ስትዞር፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቿ ከፊተኞቹ ቀድመው መንገዱን መጨበጥ ሲያቅታቸው፣ ሁኔታው ኦቨርስቲር ይባላል። ይህ ጠባይ በእሽቅድምድም ጨዋታዎች ውስጥ ጎልቶ ከሚታይባቸው መኪኖች አንዷ ፖርሼ 911 ናት፤ ሞተሯ ከኋላው እግር (የኋላ ጎማዎቹን ከሚይዘው አክስል) በስተኋላ ስለተቀመጠ አብዛኛው ክብደቷ ከኋላ ነው፣ ያ ክብደት አንዴ ወደ ጎን መሄድ ከጀመረ ደግሞ መመለሱ ከባድ ነው። እዚህ የምንመለከተው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ግራን ቱሪዝሞ 7 ውስጥ ያለችውን የ1973ቷን 911 ካሬራ አርኤስ ሲሆን፣ መርሁ ግን ጉልበታቸው በኋላ እግር ለሚወጣ ሌሎች መኪኖችም ያገለግላል።

አስቀድሞ ፋብሪካው ራሱ ምን እንዳደረገ ማወቅ ይጠቅማል። ፖርሼ የመጀመሪያዎቹን 911ዎች ጠባይ ለማለዘብ በ1969 ሞዴል ላይ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ገፍቶ በፊትና በኋላ እግሮች መካከል ያለውን ርቀት በ57 ሚሊሜትር አስረዘመ። በካሬራ አርኤስ ላይ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹን ከፊተኞቹ አሰፋ፤ በሞተሩ ክዳን ጫፍም የዳክዬ ጭራ የሚመስል ክንፍ አበጀ። እነዚህ እርምጃዎች ሁሉ የኋላውን እግር የሚያግዙ እንጂ ከፊቱ የሚቀንሱ አልነበሩም። ብዙ ተጫዋቾች ግን ቸኩለው የፊቱን ክፍል ያጠነክራሉ፤ መኪናዋ ማምለጧን ታቆማለች፣ ነገር ግን ኩርባ ለመግባት የምትለግም ትሆናለች። በእኔ እምነት በፋብሪካው መንገድ መሄድ፣ ማለትም ከኋላ መጀመር ይሻላል።

ለሥራው በጨዋታው የማሻሻያ ሱቅ የሚሸጠው ሙሉ በሙሉ የሚስተካከል ሰስፔንሽን (መኪናዋን በጎማዎቹ ላይ የሚሸከመው የሞላ ሥርዓት) እና የሚስተካከል ኤልኤስዲ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍልና የፍጥነት ልዩነታቸውን የሚገድብ ክፍል) ያስፈልጋሉ። መኪናዋን እንደ ጹኩባ (Tsukuba) ባለ አጭር ትራክ ላይ ይፈትሿት፤ ጃፓን የሚገኘው ይህ ትራክ ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ አንዱን ኩርባ ቶሎ ቶሎ መደጋገም ያስችላል። በፍተሻው ጊዜ የመሪ መመለሻ እገዛውን (መኪናዋ ስታመልጥ ጨዋታው ራሱ መሪውን በተቃራኒው የሚያዞርበትን) እና የመረጋጋት እገዛውን ያጥፉ፤ አለዚያ የሚያዩት የመኪናዋን ጠባይ ሳይሆን የኮምፒውተሩን እርማት ነው። ጎማውንም አይቀያይሩ።

ከዚያ የኋላ እግሯ የሚያመልጠው መቼ እንደሆነ ይለዩ፦ ፍሬን ይዘው ሲገቡ ነው፣ ኩርባው መካከል ነው፣ ወይስ ነዳጅ ሰጥተው ሲወጡ? ድጋሚ ቅጂውን ከፍተው የፊት ጎማዎቹን ይመልከቱ። ኩርባው ወደ ቀኝ ሆኖ ሳለ የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራ ከዞሩ፣ እጅዎ መኪናዋን እያዳነ ነው ማለት ነው፤ መፍትሔው የሚመረጠውም በዚያች ቅጽበት እግርዎ የት እንደነበረ በማየት ነው።

ችግሩ ሲገቡ ከሆነ፣ ፍሬን ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚወስደው የኋላ ጎማዎቹ ቀለዋል። የፍሬን ማመጣጠኛውን አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ወደ ፊት ያድርጉ፤ የዲፈረንሻሉን የፍሬን ጊዜ መቆለፊያም በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ፤ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አስተሳስሮ መኪናዋን ቀጥ ያደርጋታል። በ911 ላይ ግን የአነዳዱም ድርሻ ትልቅ ነው፤ ኩርባው መካከል ነዳጁን በድንገት መልቀቅ በየትኛውም ማስተካከያ የማይሸፈን ጥፋት ስለሆነ፣ እግርን ቀስ በቀስ ማንሳት መልመድ ያስፈልጋል።

ችግሩ ኩርባው መካከል ከሆነ፣ ፍሬንም ነዳጅም ሳይረገጥ ማለት ነው፣ በመጀመሪያ የሚነካው ስታቢላይዘር ባሩ ነው። ባሩ ግራና ቀኝ ጎማዎችን አገናኝቶ የመኪናዋን ማጋደል ይቋቋማል፤ በጠነከረ ቁጥርም በዚያ እግር ላይ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጭኛው የሚሸጋገረው ክብደት ይበዛል። አንድ ጎማ የተሸከመው ክብደት እጥፍ ቢሆን የመጨበጥ አቅሙ እጥፍ ስለማይሆን፣ ውጭኛው ያገኘው ውስጠኛው ያጣውን አይተካም። የኋላውን ባር ማላላት ለኋላ ጎማዎች አቅም የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጨዋታው ከ1 እስከ 10 በሚሰጠው ልኬት የኋላውን ባር በ2 ይቀንሱና እንደገና ይንዱ። ካልበቃ የኋላውን ሞላ በትንሹ ያላሉ፤ የፊቱን ባር ማጠንከር ከዚያ በኋላ ይምጣ። የኋላ ጎማዎች አፍንጫ በጣም በጥቂቱ ወደ ውስጥ እንዲያይ ማድረግም መኪናዋን ያረጋጋል፤ ሲበዛ ግን ቀጥታው ላይ ፍጥነት ይቀንሳል።

ሲወጡ የሚያመልጥ ከሆነ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ዲፈረንሻሉ ነው። የነዳጅ ጊዜ መቆለፊያው ከፍተኛ ሲሆን ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ለመዞር ስለሚገደዱ፣ ጉልበቱ ሲበዛባቸው አብረው ይለቃሉ፤ መኪናዋም በአንድ ጊዜ ትገለበጣለች ባይባልም ፊቷን ታዞራለች። ከ5 እስከ 60 ባለው ልኬት አምስት አምስት እየቀነሱ ይሞክሩ። ውስጠኛው ጎማ ብቻውን እየጮኸ በከንቱ መሽከርከር ከጀመረ ግን ከልክ በላይ ቀንሰዋልና ትንሽ ይመልሱ። የሁለተኛና የሦስተኛ ማርሽን ማስረዘምም ጎማው ላይ የሚደርሰውን ጉልበት ያለዝባል።

የኋላ ክንፍ የሚረዳው ፈጣን ኩርባ ላይ ነው። የአየር ግፊቱ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የሚሰጠው ግፊት በ200 ላይ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጹኩባ ላይ ባሉት ጠባብ ኩርባዎች ግን እምብዛም ለውጥ አይጠብቁ።

በእያንዳንዱ ዙር አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ እያንዳንዱንም በተለየ የማስተካከያ ገጽ ላይ ያስቀምጡ፤ ሁለት ነገር አብረው ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም። መሪውን እያዞሩ መኪናዋ ወደ ኩርባው ውጭኛ ዳር መሄድ ከጀመረች ወደ አንደርስቲር ተሻግረዋልና የመጨረሻውን ለውጥ በግማሽ ይመልሱ። ከስፖርት ጎማ ወደ ሬሲንግ ጎማ ሲሸጋገሩ ደግሞ የመጨበጥ አቅሙ ስለሚጨምር ያላሉት ባር ከልክ በላይ የለዘበ ሊሆን ይችላል፤ ፍተሻውን ከኋላው ባር ጀምረው ይድገሙት።