የግል ማኅተም ከላጲስ ቀርጾ ማውጣት፦ ከፊደሉ ቅንብር እስከ ወረቀቱ

ሥዕል ለሚሥል፣ ደብተር ለሚጠርዝ ወይም መጻሕፍቱን ለሚያውስ ሰው የራሱ ማኅተም መኖሩ ትልቅ ደስታ ነው። በሥዕሉ ጥግ የፊርማን ቦታ ይይዛል፤ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የባለቤቱን ስም ይናገራል። ለጀማሪ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ ግን አብዛኛው በእርሳስና በወረቀት ማለቅ አለበት፤ ላጲስ ላይ የሚታየው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ወረቀቱ ላይ የተሠራ ነውና።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ወርዱ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ አዲስ ነጭ ላጲስ፣ 2ቢ ወይም 4ቢ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ስስ ነጭ ወረቀት፣ ካተር ከተለዋጭ ምላጭ ጋር፣ ቁጥሩ 400 የሆነ ብርጭቆ ወረቀት፣ የማኅተም ቀለም ከነመያዣው። ጫፉ ሦስት ማዕዘን የሆነ የሊኖ (ለሕትመት የሚቀረጽ ለስላሳ ንጣፍ) መቅረጫ ከተገኘ ደግሞ ሥራውን በግማሽ ያቀላል። ካልተገኘ ስለታም ካተር በቂ ነው፤ ርካሽ የመቅረጫ ስብስብ ከመግዛት ግን ምላጭ መግዛት ይሻላል። የደነዘ መቅረጫ ላጲሱን ይቀድደዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ የሆነውን ላጲስ ይተዉት። ሰማያዊው ክፍል ውስጡ አሸዋ መሰል ነገር አለበት፤ ምላጭ ያደነዝዛል፣ ጠርዙም ይፈረፈራል። ሱቅ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ የደረቀ ነጭ ላጲስም እንዲሁ ነው። ጣትዎ ሲጫነው ትንሽ የሚሰጥ፣ ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ ይምረጡ።

ምን ይቀረጽበት?

ከሦስት ፊደል ያልበለጠ፣ ወይም አንድ ፊደልና አንድ ቀላል ሥዕል። ሙሉ ስም ከነአባት በ25 ሚሊ ሜትር ላይ አይገባም፤ ቢገባም አይነበብም። የአፄ ምኒልክ ማኅተም መስቀል የያዘ አንበሳ መካከሉ ላይ አድርጎ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን ከነማዕረጉ በዙሪያው ይዟል። ያን ለመኮረጅ የሚነሳሳ ሰው ብዙ ነው። ያ ግን በብረት የተቀረጸ የባለሙያ እጅ ሥራ ነው፤ ክብ ዙሪያ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ በላጲስ ሲሞከር ፊደሎቹ እየተጠጋጉ ይዋጣሉ።

ለጠባብ ቦታ ቅንብር የተሻለው አስተማሪ የአክሱም ሳንቲም ነው። በብዙዎቹ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡ ምስል በግራና በቀኝ በሁለት የእህል ዘለላ ታቅፎ ይታያል። ዘለላዎቹ የክቡን ጎን ተከትለው ስለሚጎብጡ ባዶ የሚቀረውን ቦታ ይሞሉታል፤ ዓይንንም ወደ መካከል ይመልሱታል። ቅጠል፣ የቡና ዘለላ፣ የዓሣ ጀርባ፣ የጨረቃ ጉብጠት በማኅተም ጠርዝ ላይ የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ከመሣል በፊት አንድ ጥንቃቄ። አገራችን ውስጥ ክብ ሰማያዊ ማኅተም የመሥሪያ ቤትና የድርጅት ምልክት ነው፤ ስምና የሥራ ድርሻ የሚያሳየው አራት ማዕዘን ደግሞ ቲተር ነው። የግል ማኅተምዎ ከሁለቱም የራቀ ይሁን፦ ካሬ ወይም ሞላላ፣ በቀይ፣ በቡናማ ወይም በጥቁር ቀለም። ባለ ኮከቡን የአገር ዓርማ፣ የቀይ መስቀልን ምልክት ወይም የማንኛውንም ተቋም ዓርማ አያስገቡ። አንዳንዱ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ የመሥሪያ ቤትን ማኅተም አስመስሎ መሥራት ደግሞ ወንጀል ነው።

ፊደሉን ማቀናበር

«አበባ» የሚለውን ስም እንውሰድ። መጀመሪያ ሒሳቡ፦ ጎኑ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ፣ ዙሪያውን 1.5 ሚሊ ሜትር ክፈፍ፣ ከክፈፉ ወደ ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ባዶ። ከሁለቱም ጎን 3.5 ሲቀነስ ለፊደሎቹ የሚቀረው 18 ሚሊ ሜትር ነው። «አ»ን ከላይ በ8፣ «በባ»ን ከታች በ8፣ በመካከላቸው 2 ሚሊ ሜትር።

«በ» እና «ባ» ጎን ለጎን ሲቆሙ የ«በ» ቀኝ እግር ለ«ባ» ግራ እግር ሊሆንላት ይችላል። ሁለቱ ፊደሎች በአራት እግር ፋንታ በሦስት ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ እግር 2 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱ ክፍተቶች እያንዳንዳቸው 6 ሚሊ ሜትር፣ ድምሩ ልክ 18። እንዲህ ያለ ጥምረት ማኅተምን ከተራ ጽሑፍ ይለየዋል፤ የግዕዝ ፊደልም ብዙ ቀጥ ያሉ እግሮች ስላሉት ለዚህ እጅግ ይመቻል።

ወጥመዱም እዚሁ ነው። የሁለቱን ፊደል ጣሪያ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ካያያዙት ሦስት እግር ያለው፣ ቀኝ እግሩ የረዘመ አንድ ፊደል ይወጣል፤ እሱም «ጣ» ነው። ስሙ «አጣ» ተብሎ ይነበባል! ስለዚህ ትከሻቸውን ለየብቻ ያጉብጡት፤ ከጋራው እግር በላይ ሁለቱ ጉብጠቶች በሚገናኙበት ቦታ ከላይ ወደ ታች 1.5 ሚሊ ሜትር የሚገባ ስርጉድ ይተዉ። የ«ባ» ቀኝ እግር ደግሞ ከሌሎቹ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይውረድ፦ ሁለቱ እግሮች 6 ላይ ሲቆሙ እሱ 8 ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ ከዚህ ካነሰ ቀለሙ ሲፈስ ይጠፋል፣ «ባ»ም «በ» ትሆናለች።

ቀለበት ያላቸው ፊደሎች፣ እነ «ቤ»፣ «ሌ»፣ «ሜ»፣ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የቀለበቱ ቀዳዳ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ካነሰ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሕትመት በቀለም ይደፈናል። ቀለበቱን ከመደበኛው ጽሕፈት አጋንነው ይሣሉት፤ ወረቀት ላይ አስቀያሚ የሚመስለው ሲታተም ልክ ይመጣል።

ንድፉ ሲያልቅ ስሙን ለማያውቅ ሰው ያሳዩና ምን እንደሚነበብ ይጠይቁ። «ምን ለማለት ነው?» ብሎ ከጠየቀ አልተነበበም ማለት ነው፤ ማስረዳቱን ትተው ወደ እርሳሱ ይመለሱ።

ወደ ላጲስ ማዛወር

ማኅተም ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ሆኖም ብዙ ላጲስ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ የእርሳስ ነው። መጀመሪያ ላጲሱን በሳሙና አጥበው ያድርቁት፤ ላዩ ላይ ያለው ዱቄት እርሳስም ቀለምም አያስይዝም። የንግድ ስም የታተመበትን ገጽ ይለፉት። ንድፉን በስሱ ወረቀት ላይ በትክክለኛ አነባበቡ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ፊደሎቹን ሞልተው ያጥቁሩ። ከዚያ ወረቀቱን በፊቱ ደፍተው ላጲሱ ላይ ያስቀምጡ፣ እንዳይንሸራተት በሁለት ጣት ይያዙ፣ ጀርባውን በማንኪያ ጀርባ ወይም በጥፍር ይሹ። ቀስ ብለው ሲያነሡት ንድፉ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ያርፋል።

ስሕተቱ የሚመጣው መንገዶች ሲቀላቀሉ ነው። ንድፉን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ገልብጦ፣ ያንኑ ደግሞ ወረቀት ደፍቶ የሚያሻ ሰው ሁለት ጊዜ ስለገለበጠ ወደነበረበት ይመለሳል። በካርቦን ወረቀት የሚሠራ ደግሞ በተቃራኒው ምንም አልገለበጠም፤ ካርቦን ንድፉን እንዳለ ነው የሚያስተላልፈው። ካርቦን ብቻ ካለዎት ስሱን ወረቀት ገልብጠው መስኮት ላይ ይለጥፉና መስመሩን በጀርባው በኩል ይከተሉ፤ ከዚያ ያን ጀርባ ወደ ላይ አድርገው በካርቦኑ ያሳልፉት።

የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ያታልላል። «ሀ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ሠ»፣ «ወ» ቢገለበጡም ባይገለበጡም መልካቸው እምብዛም ስለማይለወጥ ዓይን ስሕተቱን ያልፈዋል። «ባ» ግን ስትገለበጥ ቀኝ እግሯ ወደ ግራ ይዞርና «ቦ» ትመስላለች። ስለዚህ በምሳሌያችን ላጲሱ ላይ መታየት ያለበት «ቦ» ነው። ላጲሱ ላይ ደኅና አድርጎ «ባ» ከተነበበ ሥራውን ያቁሙ፤ ወረቀት ላይ «ቦ» ሆኖ ይወጣል። ለማረጋገጥ ላጲሱን መስታወት ፊት ይያዙት፤ መስታወቱ ውስጥ የሚያዩት የሚታተመውን ነው።

ልክነቱ ሲረጋገጥ መስመሩን በቀጭን እስክሪብቶ ያድምቁት፤ እርሳሱ በእጅ ላብ ይጠፋል። ተቆርጦ የሚወጣውን ቦታ ሁሉ ደግሞ የኤክስ ምልክት ያድርጉበት። አላስፈላጊ ይመስላል፤ ነገር ግን መስመሩ መሐል ሲገቡ የቱ የሚቀር የቱ የሚወጣ እንደሆነ መምታታቱ አይቀርም።

መቅረጽ

ከውስጥ ወደ ውጭ ይሂዱ። በእግሮች መካከል ያሉ ጠባብ ክፍተቶችና የቀለበት ቀዳዳዎች መጀመሪያ ይውጡ፤ ዙሪያው ገና ያልተነካ ስለሆነ ላጲሱ ፊደሉን ደግፎ ይይዘዋል። ውጩ ቀድሞ ከተቆረጠ ቀጭኑ እግር ምላጩ በነካው ቁጥር ይወዛወዛል።

ምላጩ ከፊደሉ ወደ ውጭ ያጋደለ ይሁን። እያንዳንዱ መስመር ከላዩ ጠበብ፣ ከሥሩ ሰፋ ብሎ እንደ ተራራ መቆም አለበት። ምላጩ ወደ ፊደሉ ሥር ካጋደለ መስመሩ በቀጭን አንገት ላይ ይቀራል፤ ሲጫኑት ይታጠፋል፣ ከጥቂት ሕትመት በኋላም ይገነጠላል። በየመስመሩ ሁለት ቁርጥ ያስፈልጋል፦ አንዱ ከፊደሉ በኩል፣ ሌላው ከባዶው ቦታ በኩል ተገናኝተው ቁራጩ እንደ ክር ተስቦ ይወጣል። ካልወጣ አይጎትቱት፤ ሁለቱ ቁርጦች ሥር ላይ አልተገናኙም፣ ይድገሙት።

ጥልቀቱ ጠባብ ቦታ ላይ 2 ሚሊ ሜትር፣ ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ 3 ይሁን። ሰፊ ባዶ መካከሉ ላይ ላጲሱ ስለሚሰጥ ዝቅ ብሎ ወረቀቱን ይነካል፤ እዚያ ጥልቀቱ መጨመሩ ለዚህ ነው። ለጉብጠት ምላጩን አያዙሩ፤ ምላጩ ባለበት ሆኖ ላጲሱን በግራ እጅዎ ያዙሩት። ጣቶችዎ ከምላጩ ኋላ ይሁኑ፤ ላጲስ ለስላሳ ስለሆነ ምላጭ ሳይታሰብ አልፎ ይሄዳል።

መሞከርና ማረም

ከወረቀቱ ሥር ደብተር ወይም ጥቂት ጋዜጣ ያንጥፉ። ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ቀለል አድርገው ደጋግመው ይንኩ፤ አንድ ጊዜ በኃይል መጫን ቀለሙን ወደ ክፍተቶቹ ይከተዋል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ቀጥ አድርገው ይጫኑ፣ ሳያወዛውዙ ያንሡ።

የመጀመሪያው ሕትመት ብዙ ጊዜ አይጠራም፤ አራት አምስት ይምቱና የሚደጋገመውን ጉድለት ብቻ ያርሙ። ባዶ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ጭረት ከታየ እዚያ የቀረ ጉብታ አለ፤ በምላጭ ያንሡት። አንዱ ወገን ሁልጊዜ ፈዘዝ ካለ ገጹ አልተስተካከለም፤ ብርጭቆ ወረቀቱን መስታወት ላይ አንጥፈው ማኅተሙን በፊቱ ሁለት ሦስት ጊዜ በክብ ያሹት። ከዚያ በላይ አያሹ፤ መስመሮቹ ሥራቸው ሰፊ ስለሆነ ላያቸው በተፋቀ ቁጥር ይወፍራሉ። የተገነጠለ መስመር በኮላ አይመለስም። አንድ እግር ከጠፋ ንድፉን አዲስ ላጲስ ላይ ማዛወር ይፈጥናል፤ ወረቀቱን አይጣሉ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ቀለምና አቀማመጥ

ለደብተርና ለመጽሐፍ ተራው የቢሮ ማኅተም ቀለም ይበቃል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥዕል ግን አይሆንም፤ ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል። ለሥዕል ብርሃን የሚቋቋም፣ ከደቃቅ የቀለም ዱቄት የተሠራ ቀለም ይፈልጉ፤ የሥዕል ዕቃ በሚሸጥበት ይገኛል።

ሲጨርሱ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይንካው፤ ነጩ ላጲስ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። ጀርባውን ትንሽ ጣውላ ላይ በኮላ ቢለጥፉት አያያዙ ይመቻል፣ ግፊቱም እኩል ይሆናል፤ ጣውላው ላይ የላይኛው ወገን በየት በኩል እንደሆነ በቀስት ምልክት ያድርጉ። ማኅተሙን በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ። ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ራቁቱን ከተቀመጠ ከሣጥኑ ጋር ይጣበቃል፤ በኃይል ሲላቀቅም መጀመሪያ የሚጎዳው ያ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የወረደው የ«ባ» እግር ነው።