ኦሎምፒያ ሄዳችሁ ስለ ሕግ ስትናገሩ፦ መቼ ትመዘገባላችሁ? ወጪስ እንዴት ታሳውቃላችሁ?

በ2022 የዋሽንግተን ስቴት ምክር ቤት የኡበርና የሊፍት ሹፌሮችን ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ ወሰነ። ረቂቁ 2076 የሚል ቁጥር ነበረው። ገዥው ጄይ ኢንስሊ ማርች 31 ፈረሙት። ለመላው ስቴት እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። በሲያትል አካባቢ መኪና ከሚነዱት ውስጥ የእኛ ሰው ብዙ ነው፤ ጉዳዩ የቤታችን ጉዳይ ነበር። ሕጉ የወጣው ግን በስቴቱ ዋና ከተማ በኦሎምፒያ ነው፤ 49 ሴናተሮችና 98 ተወካዮች የሚቀመጡበት ቦታ።

ከዚያ ወዲህ በማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ፍርሃት ደጋግሜ እሰማለሁ። «ሄደን ብንናገር ሎቢስት (ተከፍሎት ተመራጮችን የሚያሳምን ሰው) ተብለን፣ ሳትመዘገቡ ሠራችሁ ተብለን እንከሰስ ይሆን?» ይህ ፍርሃት ስንቱን ሰው ቤት አስቀርቷል። ስለዚህ የዋሽንግተንን ሕግ ደረጃ በደረጃ እንየው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ቁጥሩና ቀኑ ይለያያልና የራሳችሁን ስቴት ሕግ ተመልከቱ።

መጀመሪያ፦ መመዝገብ እንዳለባችሁና እንደሌለባችሁ ለዩ

ይህ ዋናው ነው፤ አብዛኛው ሰው እዚሁ ይጨርሳል።

ሎቢ ማድረግ ማለት አንድ ሕግ እንዲያልፍ ወይም እንዲወድቅ ተመራጮችን ለማሳመን መሞከር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ በዚያ ላይ ተጽዕኖ ለማድረግ መሞከርም ይቆጠራል። ቢሮ ሄዶ መነጋገርም ሆነ ስልክ መደወል ያው ነው። ሎቢ ያደረገ ሁሉ ግን መመዝገብ የለበትም።

ለዚህ ሥራ ምንም የማይከፈላችሁ ከሆነና ለተመራጮችም ገንዘብ ካላወጣችሁ አትመዘገቡም። ሴናተሯን በዓመት ሃያ ጊዜ ብታገኟትም አትመዘገቡም። ሕጉ ራሱ ይህን ያስቀመጠው ሰው ያለ ምዝገባና ያለ ሪፖርት ተመራጩን እንዲያነጋግር ለማበረታታት እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ይህን ቦታ ስብሰባ ላይ ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ሥራችሁ በኮሚቴው ይፋዊ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ቃል መስጠት ብቻ ከሆነም አትመዘገቡም። ቃል ለመስጠት መንዳት እንኳ አያስፈልግም፤ በዙም ይቻላል። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስብሰባው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ስማችሁን ማስገባት አለባችሁ። መናገር የከበደው ሰው ድጋፉን ወይም ተቃውሞውን ብቻ ማስመዝገብ ይችላል። ጽሑፍ መላክም አለ።

ከምዝገባ ነፃ የሚያደርገው ሦስተኛው ነገር የአራት ቀን ሕግ ነው። ቢከፈላችሁም በሦስት ወር ውስጥ ሎቢ ያደረጋችሁበት ቀን ከ4 ካልበለጠና ለተመራጮች ያወጣችሁት ገንዘብ በጣም ትንሽ ከሆነ ነፃ ናችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቀን ቁራጭም ቀን ነው። ጠዋት ግማሽ ሰዓት ብቻ ብታነጋግሩ አንድ ቀን ተቆጠረ። የገንዘቡ ጣሪያም ዝቅተኛ ነው፤ ምሳ ከጋበዛችሁ በቀላሉ ታልፉታላችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ማስታወሻ ያዙ።

ዜግነትስ? የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰውም ተመራጭ ማነጋገር ይችላል። ለምርጫ ዘመቻ ገንዘብ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል፤ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው በፌዴራል ሕግ አይችልም።

እንግዲህ የሚቀረው የሚከፈለው ሰው ነው። ማኅበሩ ሠራተኛ ቀጥሮ ኦሎምፒያ የሚያመላልሰው ከሆነ፣ ወይም ባለሙያ በኮንትራት ከያዘ፣ ያ ሰው ሎቢስት ነው። ማኅበሩ ደግሞ የሎቢስት ቀጣሪ ይሆናል። ሁለቱም የየራሳቸው ግዴታ አለባቸው።

ምዝገባው

የምትመዘገቡት ፐብሊክ ዲስክሎዠር ኮሚሽን በሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰዉ ፒዲሲ ይለዋል። ይህን መሥሪያ ቤት ያቋቋመው ሕዝቡ ራሱ ነው። በ1972 ኢኒሺዬቲቭ 276 ለድምፅ ቀረበና 72 በመቶው ደገፈው።

ቅጹ ኤል-1 ይባላል፤ በኦንላይን ይሞላል። ጊዜው ሎቢ ከመጀመራችሁ በፊት ወይም ከተቀጠራችሁ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ የቀደመው ይወስናል። ማክሰኞ ተቀጥራችሁ ረቡዕ ተመራጭ የምታነጋግሩ ከሆነ ማክሰኞ ማታ መመዝገብ አለባችሁ ማለት ነው። ስማችሁን፣ ማን እንደቀጠራችሁ፣ ስንት እንደሚከፈላችሁና በምን ጉዳይ ላይ እንደምትሠሩ ትጽፋላችሁ። ፎቶ ታያይዛላችሁ። የምክር ቤቱን የሥነ ምግባር ሥልጠና መውሰዳችሁን ታረጋግጣላችሁ። ቀጣሪውም መቅጠሩን ማረጋገጥ አለበት።

ምዝገባው የሚያገለግለው ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ እስኪመጣ ነው። ከዚያ ይታደሳል። በመሃል የተለወጠ ነገር ካለ በአንድ ሳምንት ውስጥ አስተካክሉ።

ውል ስትፈርሙ አንድ ነገር አደራ። «ሕጉ ካለፈ ይህን ያህል ጉርሻ እንከፍልሃለን» ማለት ክልክል ነው። የሎቢስት ክፍያ በውጤት ላይ ሊንጠለጠል አይችልም። በእኛ ንግድ ልማድ ኮሚሽን የተለመደ ስለሆነ ይህ ማንንም ሊያሳስት ይችላል።

የየወሩ ሪፖርት

ኤል-2 የሚባለው ሪፖርት ወሩ ካለቀ በኋላ እስከ 15ኛው ቀን ይገባል። የጃንዋሪው እስከ ፌብሩወሪ 15 ማለት ነው። ምንም ያልሠራችሁበት ወርም ሪፖርት አለው። «ባዶ ነው» ብላችሁ ታስገባላችሁ እንጂ አትዘሉትም። በጋ ላይ ምክር ቤቱ ሲዘጋ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

ምን ይጻፋል? የተከፈላችሁ ገንዘብ፣ የግብዣ ወጪ፣ ለዘመቻ የተሰጠ ገንዘብ፣ የማስታወቂያ ወጪ። ደሞዝተኛ ከሆናችሁ ለሎቢ የሄደው የሥራ ጊዜ ድርሻ ይሰላል። ከጊዜያችሁ ሩቡ ለዚህ ከዋለ ከደሞዛችሁም ሩቡን ታሳውቃላችሁ። ትንሽ ከፍ ያለ ግብዣ ደግሞ በዝርዝር ይጻፋል፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ ገንዘቡ፣ ማን ማን እንደነበረ። ደረሰኝና መዝገቡን ለ5 ዓመት አስቀምጡ። በስልክ ፎቶ አንስቶ በየወሩ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ በጣም ይረዳል፤ የወረቀት ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል።

ቀጣሪው ማኅበር ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ኤል-3 ያስገባል፤ የመጨረሻው ቀን የፌብሩወሪ ማብቂያ ነው። የሎቢስቱ ወራዊ ሪፖርትና የማኅበሩ ዓመታዊ ሪፖርት መገጣጠም አለባቸው። ገንዘብ ያዡ ከመጀመሪያው ይግባበት።

ስጦታና ግብዣ

እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እዚህ ግን ልማዳችንን መቆጠብ አለብን። አንድ ተመራጭ በአንድ ዓመት ከአንድ ምንጭ ከ50 ዶላር በላይ ስጦታ መቀበል አይችልም። ጥሩ ጋቢ ከዚያ ያልፋል። «እናዋጣና አንድ ላይ እንስጥ» ማለትም አያስኬድም፤ ከብዙ ሰው የተሰጠ አንድ ስጦታም ጣሪያው 50 ዶላር ነው። በዓል ላይ ጋብዛችኋቸው ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ሲገኙ ለታዳሚው የቀረበው ምግብና ቡና ከዚህ ጣሪያ ውጭ ነው፤ የተመዘገበ ሎቢስት ካላችሁ ግን ወጪው ሪፖርት ይደረጋል።

የዘመቻ ገንዘብም ጊዜ አለው። የምክር ቤቱ መደበኛ ጉባኤ ሊጀመር 30 ቀን ሲቀረው ጀምሮ እስኪዘጋ የስቴት ተመራጮች መዋጮ መጠየቅም መቀበልም አይችሉም።

ስለ ማኅበሩ ሁለት ነገር

«እኛ በጎ አድራጎት ስለሆንን ሎቢ ክልክል ነው» የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም። የፌዴራል ግብር ሕግ 501(ሲ)(3) ለሆኑ ድርጅቶች ሎቢን በመጠኑ ይፈቅዳል። የሚከለክለው ለዕጩ መቀስቀስን ነው። የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱን ቅጽ 5768 ከሞላችሁ መጠኑ በገንዘብ ይለካል፤ ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር ወጪ እስከ 20 በመቶ። ከፌዴራል መንግሥት ያገኛችሁትን እርዳታ ግን ለሎቢ አትንኩ።

ሁለተኛው የውጭ አገር ጉዳይ ነው። ለውጭ መንግሥት ወይም ለውጭ ፓርቲ ተልኮ የሚሠራ ሰው በ1938 የወጣ ሌላ የፌዴራል ሕግ አለበት፤ ምዝገባውም በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። የስቴቱ ምዝገባ ያንን አይተካም። እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ጠበቃ ያዙ።

የሌላውንም መዝገብ ክፈቱ

የምታስገቡት ሪፖርት ሁሉ ለሕዝብ ክፍት ነው። የሌላውም እንዲሁ። በ2013 ጋዜጠኞች እነዚህን ወራዊ ሪፖርቶች አንድ በአንድ ደምረው ነበር። በዓመቱ የመጀመሪያ አራት ወራት 50ዎቹ ዋና ሎቢስቶች ተመራጮችን ለመጋበዝ ከ65,000 ዶላር በላይ እንዳወጡ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ቦርድ አንድ ተመራጭ ከሎቢስት የሚቀበለውን ነፃ ምግብ በዓመት 12 ጊዜ ላይ ገደበው። ይህ የሆነው መዝገቡ ስለነበረና ያነበበ ሰው ስለተገኘ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴ ፊት ከመቅረባችሁ በፊት ባለው ምሽት የፒዲሲን ድረ ገጽ ክፈቱ። ረቂቁን የሚቃወመውን ኩባንያ ስም አስገቡ። ስንት ሎቢስት እንደቀጠረ፣ ለእያንዳንዱ በወር ስንት እንደከፈለ ይወጣላችኋል። ቁጥሩን በወረቀት ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ።