ለቻይንኛ ጽሑፍ ፎንት ስትመርጡ

ፎንት ማለት ኮምፒውተሩ ፊደላቱን የሚያወጣበት የመልክ ፋይል ነው። መጀመሪያ አንባቢው ማን እንደሆነ እወቁ። በቻይናና በሲንጋፖር የሚጻፈው በቀለለው ፊደል ነው፤ ታይዋንና ሆንግ ኮንግ ነባሩን ይጠቀማሉ። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። «ኤሊ» የሚለው ፊደል በነባሩ 16 ጭረት አለው፣ በቀለለው 7 ብቻ። ለአንዱ የተሠራ ፎንት የሌላውን ሁሉ ላይይዝ ይችላል። ያኔ ኮምፒውተሩ የጎደለውን ከሌላ ፎንት ይበደርና እዚያው መስመር ላይ አንዱ ፊደል ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ብሎ ይወጣል፤ ካልሆነም ባዶ ሳጥን ይደረደራል።

የጃፓን ፎንት ለቻይንኛ መጠቀምም ያው ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጡበት ስምምነት፣ ብዙዎቹን ፊደላት ለሁለቱም አገር በአንድ ቁጥር ነው የመዘገበው፣ መልካቸውን የሚወስነው ፎንቱ ነው። «አጥንት» የሚለውን እዩት፦ ከላይ በኩል ውስጡ ያለችው ትንሽ ሳጥን በቻይና አጻጻፍ ወደ ግራ ናት፣ በጃፓን ወደ ቀኝ። ቻይንኛ የማያነብ ሰው ልብ አይለውም፤ የሚያነብ ግን ወዲያው ዓይኑን ይቆረቁረዋል። ለድረ ገጽ ከሆነ ትክክለኛው ፎንት እንዲመረጥ የጽሑፉን ቋንቋ የገጹ ኮድ ላይ በግልጽ አስገቡ።

ከዚያ የፎንቱ ዓይነት ይመጣል። ለመጽሐፍና ለረጅም ንባብ ሶንግቲ ነው፤ ታይዋን ውስጥ ሚንግ ይሉታል። አግድም ጭረቱ ቀጭን፣ ቁሙ ወፍራም ሲሆን በአግድሙ ቀኝ ጫፍ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለችው። በስልክ ላይ ግን፣ በተለይ ጽሑፉ ትንንሽ ሲሆን፣ እነዚያ ቀጫጭን ጭረቶች ይጠፋሉ፣ ስለዚህ እዚያ ውፍረቱ እኩል የሆነውን ሄይቲ ውሰዱ። ካይቲ የብሩሽ ጽሕፈት መልክ ስላለው ለሕጻናት መማሪያና ለጥቅስ ያምራል። ፋንግሶንግ በቻይና የመንግሥት ደብዳቤ የሚጻፍበት ነው፤ ሌላ ቦታ ብዙም አያስፈልጋችሁም።

እባካችሁ ቻይንኛን አታጋድሙ። ፊደሉ የተሠራው ቀጥ ብሎ በካሬ ውስጥ እንዲቆም ነው፣ ሲጋደም የሚወድቅ ይመስላል። አንድ ቃል ጎላ እንዲል ከፈለጋችሁ ወደ ካይቲ ወይም ወደ ሄይቲ ቀይሩት። ማወፈርም የሚቻለው ፎንቱ የራሱ ወፍራም ፋይል ካለው ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ በግድ ያወፈረው 16 ጭረት ያለው ኤሊ ጥቁር ነጠብጣብ ነው የሚሆነው።

ግራ ከገባችሁ በኖቶ ሳንስ ሲጄኬ ጀምሩ። ጉግልና አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ነጻ ፎንት ነው፣ ለየአገሩ የተለየ ቅጂ አለው። ፋይሉ በጣም ትልቅ ስለሆነ ለድረ ገጽ ስትጠቀሙ የምትፈልጓቸውን ፊደላት ብቻ ቆርጣችሁ ጫኑ።

በመጨረሻ የራሳችሁን ጽሑፍ አስገብታችሁ ሞክሩት፣ በተለይ የሰው ስሞችን። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው መደበኛ ዝርዝር 6,763 ፊደላት ነበሩ፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ሮንግጂ ስም ውስጥ ያለው «ሮንግ» ግን አልገባበትም። በዚያ ዝርዝር ልክ ብቻ የተሠራ ፎንት ላይ ስማቸውን ብትጽፉ መሃሉ ባዶ ይሆናል።