ባሕር ዳር ስትመጡ ጣናን በጠዋት

ባሕር ዳር የክልሉ ዋና ከተማ ናትና ለጉዳይ የሚመጣ ዘመድ አይጠፋኝም። ጉዳዩ አልቆ አንድ ሁለት ቀን ሲተርፈው «እስኪ አገሩን አሳየኝ» ይላል። እኔም ለምጄዋለሁ።

መጀመሪያ ሐይቁ ነው፤ እሱም በጠዋት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጀልባው ጋ ድረሱ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳና ጣና ይናወጣል። ይህን የተማርኩት በአክስቴ ነጠላ ነው። ከደብረ ማርቆስ መጥታ «መጀመሪያ ዓሣ ላብላሽ» ብዬ ምሳ በልተን በ8 ሰዓት ወጣን። ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ስንመለስ ማዕበሉ ጀልባውን እየመታ አዲሱን ነጠላዋን አራሰባት። የጀልባውን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛ «ዓሣ ላብላሽ አልከኝ እንጂ ለዓሣ ላብላሽ መች አልከኝ!» አለችኝ። ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም እስካሁን ታወራዋለች።

ጀልባ ብቻችሁን ከያዛችሁ ይወደዳል። ሌሎች እንግዶች ጠብቁና ተጋሩ። ዋጋውን ስትነጋገሩ የመቆያውን ሰዓትም ጨምራችሁ ተስማሙ፤ አለበለዚያ ስትመለሱ ጭቅጭቅ ነው። ሴቶች ካሉ ለባለጀልባው አስቀድማችሁ ንገሩት። ክብራን ገብርኤል የሚባለው የደሴት ገዳም ሴት አይገባም፤ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባል።

ጊዜ ካጠራችሁ ዘጌ ብቻ ይበቃችኋል። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ዘጌ በሬ ጠምዶ አይታረስም፤ አቡነ በትረ ማርያም ከልክለዋል ይባላል። ጫካው የቆመው ለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ለካሜራ ፍላሽ አታብሩ። ስትወርዱ ልጆች ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ይሸጡላችኋል። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም።

ምሳ ሐይቁ ዳር ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ሙሉ ጥብስ እዘዙ። ጎንና ጎኑን በቢላ ተልትለው ስለሚጠብሱት እስከ አጥንቱ ይንኮሻኮሻል። ሹካውን ተዉት፤ እሾሁ የሚገኘው በጣት ነው።

አመሻሽ ላይ ባጃጅ ኮንትራት ይዛችሁ ቤዛዊት ውጡ። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፤ እኔ ግን ሰው የምወስደው ለእይታው ነው። ዓባይ ከታች ተጠማዞ ሲሄድ ይታያል። በ2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይም ሲመሽ በእግር ተሻገሩት፤ ሙሽራ ከነአጀቡ ፎቶ ሲነሳ አይጠፋም።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከከተማው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚህ ሌላ ቀን መድቡ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ወሩን ምረጡ፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው ደጉ። በበጋ ውሃው ወደ መብራት ማመንጫው ስለሚዞር ገደሉ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። አንድ የአጎቴን ልጅ በመጋቢት ወስጄው፣ ያን ሁሉ አቧራ ጠጥቶ ደርሶ፣ ዝም ብሎ ቆየና «ጢሱ የታል?» አለኝ።