ሴስና 172 (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) ላይ ሞተር ቢጠፋ እንዴት ይታረፋል?

ብዙ ሰው ሞተር ከጠፋ አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ የሚወርድ ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም። 172 ንፋስ ከሌለ በየ1000 ጫማ ከፍታው 2.8 ኪሎሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ሰው የሚጎዳው ሞተሩ ጸጥ ሲል ደንግጦ መሪውን ወደራሱ ሲስብ ነው፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ፍጥነት ያልቃል፣ ከዛ ስቶል፣ ማለትም ክንፉ መሸከም ያቆማል።

ስለዚህ መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ 65 ኖት ያዙ (ኤስ ሞዴል ከሆነ 68፣ የአውሮፕላናችሁን መጽሐፍ እዩ)፣ ትሪሙን (አፍንጫው ባለበት እንዲቆይ የሚያደርገውን ማስተካከያ) አስተካክሉትና መሪውን መታገል ተዉ፣ እጃችሁ ለሌላ ስራ ይፈለጋል።

ከዛ ሜዳ ምረጡ። እኛ ሀገር ለየት የሚለው እዚህ ጋ ነው፣ አልቲሜትሩ (ከፍታ መለኪያው) የሚቆጥረው ከባህር ወለል ነው፣ ቦሌ ደግሞ ራሱ 7600 ጫማ ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ እዛ አካባቢ መርፌው 9600 ሲል "ኧረ ገና ነው" እንዳትሉ፣ ከስራችሁ ያለው 2000 ጫማ ብቻ ነው፣ እሱም ሶስት ደቂቃ አይሞላም። ኮረብታ ካለ ከዛም ያንሳል። አየሩም ስስ ስለሆነ ጌጁ 65 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 75 ገደማ ነው፣ መሬት ስትነኩም በዛው ልክ ትፈጥናላችሁ፣ ሜዳው ረዘም ያለ ይሁን።

እኔ ስማር ኢንስትራክተሬ ድንገት ስሮትሉን (የሞተር ጉልበት መቆጣጠሪያውን) ወደኋላ ስቦ "ሞተር ጠፋብህ" ሲለኝ ከወንዙ ማዶ ያለ ሜዳ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ዝም ብሎ አየኝና በጣቱ የግራ ክንፉን ስር አሳየኝ፣ ታጭዶ ያለቀ ሰፊ የጤፍ ማሳ። ከዛ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ስሬን ነው።

የታረሰ መሬት ከሆነ ከትልሙ ጋር እንጂ ትልሙን አቋርጣችሁ አትረፉ፣ የፊት ጎማው ገብቶ ሊገለብጣችሁ ይችላል። ክረምት ላይ ዋልካ መሬት ሳር ለብሶ ከላይ ኳስ ሜዳ ይመስላል፣ ጎማ ግን ይውጣል። አስፋልት ያጓጓል፣ ግን የመብራት ሽቦ ከላይ አይታይም፣ እናንተ ምሰሶውን ፈልጉ። ንፋሱን ከጎጆ ጭስ ወይም ከባህር ዛፉ አጎነባበስ ታውቃላችሁ፣ ፊት ለፊቱ ነው የሚታረፈው።

ሜዳው ከተያዘ በኋላ ሞተሩን ለማስነሳት ሞክሩ። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ካርብ ሂት (ከጭስ ማውጫው ሙቀት ወደ ካርቡሬተሩ የሚልከውን) ቀድማችሁ ሳቡ፣ ጭስ ማውጫው ሳይቀዘቅዝ፣ እርጥበት ካለ እኮ 20 ዲግሪ ሙቀት ላይም ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ ይሰራል። ፊውል ሴሌክተር (የነዳጅ ታንክ መምረጫው) ቦዝ፣ ማለትም ሁለቱም፣ ማግኔቶ (ለሻማው እሳት የሚሰጠው) ቦዝ፣ ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያው) ወደፊት፣ እዚህ ከፍታ ላይ ሙሉ ሪች፣ ማለትም ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ፣ ሊያንቀው ስለሚችል እምቢ ካለ ትንሽ መለስ አድርጉት። ካልተነሳ ተዉት። ያላችሁበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ሜይዴይ በሉ፣ የሚሰማ ከሌለ 121.5፣ ትራንስፖንደር (ለራዳር ኮድ የሚልከው መሳሪያ) ላይ የአደጋ ኮድ 7700።

ወደ ሜዳው ትንሽ ከፍ ብላችሁ ድረሱ። ትርፍ ከፍታ በፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች በሚዘረጋው ክፍል) ይጠፋል፣ የጎደለ ግን ከየትም አይመጣም፣ ስለዚህ እንደምትደርሱ እርግጠኛ ሳትሆኑ ፍላፕ አትንኩ። ልታርፉ ስትሉ ሚክስቸር፣ ነዳጅና ማግኔቶ ዝጉ፣ ፍላፑ በኤሌክትሪክ ስለሚሰራ ማስተሩ (ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) መጨረሻ ላይ ነው የሚጠፋው። ቀበቶ አጥብቁ፣ በሩን ከፈት አድርጉት፣ ተጣሞ እንዳይቆልፍባችሁ።

ገና ስትነሱ ዝቅ ብላችሁ ከጠፋ ግን ይሄ ሁሉ ጊዜ የለም፣ አፍንጫ ዝቅ፣ ፊት ለፊት ያለው ላይ ማረፍ፣ ግራ ቀኝ ትንሽ ማለት ይቻላል፣ ወደ ተነሳንበት ኤርፖርት ልመለስ ብሎ መዞር ግን አይሞከርም።

ካረፋችሁ በኋላ ቀበቶ ፈታችሁ ሳትጨርሱ የሰፈሩ ልጆች ከበዋችሁ ታገኛላችሁ። ፕሮፔለሩን እንዳይነኩ ቶሎ አርቋቸው፣ ማግኔቶው በደንብ ካልጠፋ በእጅ ሲዞር ሊነሳ ይችላል።