«እንደ አምናው ነው» እና ሌሎች የጀማሪ ኦዲተር ስህተቶች

ሐምሌ በገባ ቁጥር ቢሯችን አዳዲስ ልጆች ይቀበላል። አካውንቲንግ ተመርቀዋል፣ ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ የትምህርት ማስረጃቸው በፕላስቲክ ክላሰር ገብቷል። ጥቅምት 30 አልፎ፣ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ሂሳብ ገብቶ፣ እኛም ቀና ማለት ስንጀምር ዞር ብዬ ሳይ ከአምስቱ ሁለቱ የሉም። ሰነፎች ሆነው አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ያላስተማራቸው፣ እኛም በሥራ ተወጥረን ያልነገርናቸው ነገር ጠልፎ ጥሏቸው ነው። ብዙዎቹን ስህተቶች እኔም ስለሠራኋቸው ከዚህ በታች የምጽፈው በትዝብት ብቻ አይደለም።

«ባንክ እስኪጠራኝ ልጠብቅ»

የተመራቂው ሁሉ ዓይን ባንክ ላይ ነው። ደመወዙ ይሻላል፣ የሠራተኛ ብድር አለው፣ እናትም «ልጄ ባንክ ገባ» ብላ ለጎረቤት ታወራለች። አልፈርድም። ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ሁለት ዓመት መቆም ለዚህ ሙያ ኪሳራ ነው። ባለቤቱ ራሱ ስልክ የሚያነሳበት፣ ሁለት ክፍል ብቻ ያለው የኦዲት ድርጅት በአንድ ክረምት ውስጥ አስመጪ፣ ትምህርት ቤት፣ ዳቦ ፋብሪካና ግብረ ሰናይ ድርጅት ያዞራችኋል። የአራት ዓይነት ንግድ ሂሳብ ከመሠረቱ ታያላችሁ። ባንክ የውስጥ ኦዲት የገባ ጓደኛችሁ በዚያው ጊዜ የብድር ፋይል ሲያገላብጥና ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየዞረ ካዝና ሲቆጥር ይከርማል። እሱም ሙያ ነው፣ ጠባብ በር ግን ነው። ከትንሹ ድርጅት ተነስቶ ባንክ የገባ ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ ከባንክ ተነስቶ ወደ ውጭ ኦዲት የመጣ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ትንሹ ድርጅት ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ከመግባታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ባለቤቱ ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የምስክር ወረቀት አለው ወይ? አዋጅ ቁጥር 847 ከወጣ ወዲህ በቦርዱ ሳይመዘገቡ የኦዲት ሪፖርት ላይ መፈረም አይቻልም። ሌላ ሰው የሠራውን ሪፖርት ሳያይ ፈርሞ ማህተም የሚያሳርፍ፣ በሠፈሩ ቋንቋ ፊርማውን የሚያከራይ ሰውም አለ። እዚያ ቤት ሦስት ዓመት ብትቀመጡ የምትማሩት ማህተም መምታት ነው።

«ኤሲሲኤ ልጀምርና እናያለን»

ኤሲሲኤ፣ ማለትም የእንግሊዙ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው የሙያ ማረጋገጫ፣ 13 ፈተና ነው፣ በ3 ደረጃ የተከፈለ፤ ማለፊያው 50 ነው። ዲግሪ ያለው ሰው ከመጀመሪያዎቹ 9 ፈተናዎች ኤግዘምፕሽን፣ ማለትም ሳይፈተኑ የማለፍ ፈቃድ፣ ሊያገኝ ይችላል። ልጆቹ እዚህ ላይ ይደሰቱና ዝርዝሩን ሳያነቡ ይመዘገባሉ። ኤግዘምፕሽኑም ይከፈልበታል። ክፍያው በፓውንድ ነው፤ በየዓመቱ የምዝገባ እድሳትም አለ። ብር ቢኖራችሁ እንኳ ፓውንዱን ማን ይከፍልላችኋል የሚለው ጥያቄ ከመመዝገባችሁ በፊት መልስ ይፈልጋል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨኝ የጊዜው አያያዝ ነው። አብዛኛው ፈተና በፈረንጅ አቆጣጠር በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር ይሰጣል። የእኛ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ ኦዲተር ቤቱን የሚያየው ለመኝታ ብቻ ነው። የሴፕቴምበሩ ፈተና ነሐሴ ማለቂያና ጳጉሜ ላይ ይወድቃል፤ እኩለ ቀን ላይ የደንበኛ ቢሮ ውስጥ ቫውቸር እያገላበጣችሁ ማታ ደግሞ ታጠናላችሁ ማለት ነው። እኔ በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። የካቲት መጨረሻና ግንቦት መጨረሻ ላይ የሚውሉትን ያዙ። የኅዳሩም አይከፋም፣ ጥቅምትን በሕይወት ከተሻገራችሁ።

ፈተናውን መጨረስ ብቻውን አባል አያደርግም። 36 ወር የሥራ ልምድ ይጠየቃል፣ እሱም በየጊዜው ተመዝግቦ አለቃ ሊያጸድቀው ይገባል። አብራኝ የሠራች ልጅ ፈተናዎቹን በሙሉ አልፋ ልምዷን ግን አንድም ቀን አልመዘገበችም ነበር። ስትነቃ አንደኛው አለቃዋ ሥራ ለቅቋል፣ ሁለተኛው ከአገር ወጥቷል። ፊርማ ፍለጋ ብቻ ዓመት አለፈባት።

ደግሞ ሁሉም ሰው ኤሲሲኤ መያዝ የለበትም። ልባችሁ የውስጥ ኦዲት ላይ ከሆነ የውስጥ ኦዲተሮች ማረጋገጫ የሆነው ሲአይኤ 3 ክፍል ብቻ ነው፤ ከሲስተምና ከዳታ ጋር የምትስማሙ ከሆነ የኢንፎርሜሽን ሲስተም ኦዲተሮች ፈተና የሆነው ሲሳ አለ፣ 150 ጥያቄ በ4 ሰዓት። የማይበጀው ሦስቱንም ጀምሮ አንዱንም አለመጨረስ ነው፤ በሲቪ ላይ «በመከታተል ላይ» የሚለው ቃል ከሦስት ዓመት በላይ ሲቆይ ቀጣሪው ይገባዋል።

«እንደ አምናው ነው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጀማሪ መስክ ሲወጣ የአምናውን ወርኪንግ ፔፐር፣ የኦዲቱ ሥራና ማስረጃ የተመዘገበበትን ሰነድ፣ ይሰጡታል። ዓላማው መንገዱን እንዲያይበት ነው። እሱ ግን ቀኑን ይቀይራል፣ ቁጥሩን ይቀይራል፣ መደምደሚያውን እንዳለ ይተወዋል። አምና ተቆጥሮ ነበርና ዘንድሮም «ተቆጥሯል» ይላል።

የመጀመሪያ ዓመቴ ሰኔ 30 ላይ የሞተር ዘይት አከፋፋይ መጋዘን ለቆጠራ ተላክሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ሰውዬው የሚናገረው አይሰማም ነበር። ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊት 8፣ ወደ ውስጥ 20። አባዛሁና 160 ብዬ ጻፍኩ። የስቶክ ካርዱም 160 ይላል። የአምናው ወረቀት ላይም አቆጣጠሩ በዚሁ መንገድ ነበር። ደስ አለኝ፣ እግሬ ርሶ ስለነበር ቶሎ መውጣትም ፈልጌያለሁ።

አብራኝ የነበረችው ሲኒየር ኦዲተር ወረቀቴን አይታ ምንም አላለችም። የመኪና ቁልፏን አወጣችና በበርሜሎቹ መካከል በጎን እየገባች ኳ፣ ኳ እያደረገች መሄድ ጀመረች። ሙሉው በርሜል ድምፁ ድፍን ነው። ከስድስተኛው ረድፍ በኋላ አንዱ እንደ ደወል ጮኸ። ከዚያ ሌላው። እየቆጠርን ስንወጣ 23 ባዶ በርሜል ነበር። የመጋዘን ኃላፊው «እነሱማ ተመላሽ በርሜሎች ናቸው፣ ቦታ ጠቧቸው ነው እዚያ የገቡት» አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሂሳቡ ላይ ግን 160 ሙሉ በርሜል ተብለው ነው የተያዙት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቆጠራ ስወጣ ሦስት ነገር አልዘልም። ከመዝገብ ወደ መጋዘን ብቻ ሳይሆን ከመጋዘን ወደ መዝገብም አያለሁ፦ መሬት ላይ ካለው ዕቃ ጥቂቱን መርጬ ካርዱ ላይ መኖሩን አረጋግጣለሁ። ካርቶን አስከፍታለሁ፣ የኋላውን ረድፍ አስነሳለሁ። በመጨረሻም የመጨረሻዎቹን የገቢና የወጪ ሰነዶች ቁጥር እዚያው ቆሜ እጽፋለሁ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 ተከታታይ ቁጥር ማለት ነው። ነገ ተነገ ወዲያ አንድ ገቢ በየትኛው ዓመት ውስጥ መውደቅ እንዳለበት ክርክር ሲነሳ የምትይዙት ይህቺን ቁጥር ነው።

«ሰኔ 30 ያው ጁን 30 ነው»

ሳቅ የሚያመጣ ይመስላል፤ በየዓመቱ ግን አንድ ሰው ይሠራዋል። የእኛ ሰኔ 30 በፈረንጅ ጁላይ 7 ነው። ደረሰኙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የባንኩ ስቴትመንት በፈረንጅ፣ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የተመዘገበው ደግሞ ሂሳብ ሠራተኛው እንደመቸው ነው። ልጁ የጁን 30ን ቀሪ ሂሳብ ይወስድና የባንክ ሪኮንሲሊዬሽኑ (የመዝገቡና የባንኩ ሂሳብ ማመሳከሪያ) ለምን እንደማይገጥም ሁለት ቀን ይፈልጋል። የከፋው ሲገጥምለት ነው፤ በእነዚያ 7 ቀኖች ውስጥ የወጣው ቼክ ማንም ሳያየው ያልፋል። ባንኩ ቀሪ ሂሳቡን እንዲያረጋግጥ የኮንፈርሜሽን ደብዳቤ ስትጽፉ ሁለቱንም ቀን ጻፉ።

ታላቅን ማክበርና መልሱን መቀበል

ዋና ሂሳብ ሹሙ የአባታችሁ እኩያ ነው። እናንተ 23 ዓመታችሁ ነው። ሁለት ዓይነት ስህተት እዚህ አለ። አንዱ መርማሪ ፖሊስ መምሰል ነው፤ ኦዲተር ማለት ሌባ አዳኝ የሚመስላቸው ልጆች በመጀመሪያው ቀን ፊት አኮሳትረው ይገቡና በሁለተኛው ቀን ፋይል የሚያወጣላቸው ያጣሉ። እኛ የተቀጠርነው የሂሳብ መግለጫው ከጎላ ስህተት የጸዳ መሆኑን በቂ ማስረጃ ይዘን ለመናገር ነው፤ ማጭበርበር ቢገኝ ይጻፋል፣ ግን ሰውን ሌባ ብሎ መነሳት የለም።

ሁለተኛው ስህተት ጨዋነት የሚመስለው ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ 480,000 ብር የምን ናት?»

«የማሽን ጥገና ናት ልጄ። አምናም ነበረች።»

ልጁ «የማሽን ጥገና» ብሎ ይጽፍና ምልክት ያደርጋል። ሰውየውን አላመንኩም ማለት ስድብ መሰለው። የቃል መልስ ግን ጥያቄ የት እንደሚወስድ ይጠቁማል እንጂ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ያሉኝን እጽፋለሁ፤ ውሉንና ደረሰኙን ግን ካላያያዝኩ አለቃዬ ማታ እዚሁ ይመልሰኛል።» ጥፋቱን አለቃ ላይ መጣል ፊት ያድናል፤ አለቃ ለዚሁም ነው። እስካሁን ይህን ብያቸው የተቆጣኝ የለም። ደረሰኝ የሌላቸው ግን አሉ።

ምሳው

አገራችን ውስጥ ማዕድ ቀርቦ «አልበላም» ማለት ጠብ ነው። የኦዲተር ነጻነት በመጽሐፍ ሲነበብ ቀላል ነው፤ የደንበኛው ባለቤት እጅ ይዞ «ኧረ በሞቴ» ሲል ግን ይከብዳል። የራሴን ልማድ ልንገራችሁ፦ ቡና እጠጣለሁ። በሠራተኞች ካፌ እበላና የራሴን እከፍላለሁ። ለበዓል የሚላክ በግ፣ የድርጅቱ ምርት የሞላበት ካርቶን፣ «ለታክሲ» የሚባል ፖስታ አልቀበልም፤ ቢላክም ለቡድን መሪዬ በዚያው ቀን እነግራለሁ። መንገሩ ከመመለሱ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ኋላ ላይ ወሬው ሲመጣ ቀድሞ የሰማ ሰው አለ። ዘመድ የሚሠራበት ድርጅት ከተመደባችሁም ከመሄዳችሁ በፊት ተናገሩ።

ግኝት መጻፍ አለመቻል

ኤክሴል በወር ይለመዳል፤ ፒቮት ቴብልና ቪሉክአፕ ካወቃችሁ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ጽሑፍ ግን አይለመድም፣ ማንም ስለማያርመው። ይህን እዩ፦

«በተሰብሳቢ ሂሳብ አያያዝ ላይ ክፍተት የታየ ሲሆን ሊሻሻል ይገባል።»

ምን ክፍተት? ስንት? የማን? አሁን ደግሞ ይህን፦

«ለሦስት ሠራተኞች ለመስክ ሥራ የተሰጠ 212,000 ብር እስከ ሰኔ 30 አልተወራረደም። የድርጅቱ መመሪያ ከመስክ በተመለሱ በ7 ቀን ውስጥ እንዲወራረድ ያዛል። ከሦስቱ አንዷ በመጋቢት ሥራ ስትለቅ ክሊራንሷ ላይ ፋይናንስ ክፍል አልፈረመም፤ በዚህም ምክንያት 74,000 ብር የመሰብሰብ ዕድሉ አጠራጣሪ ሆኗል። ክሊራንስ ያለ ፋይናንስ ፊርማ እንዳይሰጥ እንመክራለን።»

መስፈርቱ፣ የተገኘው ሁኔታ፣ ምክንያቱ፣ ውጤቱና የማሻሻያ ሐሳቡ ሁሉም አሉበት። አንዱ ከጎደለ ሥራ አስኪያጁ መልስ ላይ የሚይዛችሁ በዚያው ነው። መለማመጃ ለሚፈልግ የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበውን ሪፖርት ያንብብ። ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ማስረጃ ያልተሟላለት ወጪ፣ ያለ ግዥ መመሪያ የተፈጸመ ግዥ፤ ሁሉም በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፉ እዚያ አለ። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ኦዲተር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ አፉ ይታሰራል።

ፍላሹ

ሥራ ስትለቁ የደንበኛ ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ አትውጡ። «ናሙና ነው፣ ለኢንተርቪው ይጠቅመኛል» የሚል አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ለቃለ መጠይቅ መጣ፤ ሲቪው ጥሩ ነው፣ አነጋገሩም ረጋ ያለ ነው። የሠራኸውን ንገረን ስንለው ላፕቶፑን ከፈተና የቀድሞ ቤቱን ወርኪንግ ፔፐር አሳየን። የአንድ አስመጪ ስም፣ የባንክ ቀሪ ሂሳቡ፣ የአበዳሪዎቹ ዝርዝር፣ ሁሉም አለ። ሥራው በእውነት ንጹሕ ነበር፤ ሪፈረንሱ የተያያዘ፣ ድምሩ የገጠመ። ላፕቶፑን እንዲዘጋ ነገርኩትና ሻይ አዘዝኩለት። ጠጥቶ ሲወጣ ባልደረባዬ «እንዴት ያለ ጎበዝ ልጅ ነው» አለኝ። ነበር። አልቀጠርነውም።