ከባድ መኪና በጉዞ ላይ ሲጠፋ ኮዱን ማንበብ

ከጋላፊ ወደ ሚሌ ስትጓዙ ሞተሩ በድንገት ቢጠፋ፣ እባካችሁ ደጋግማችሁ አታስነሱት። ዘይት ያጣ ሞተር ይነክሳል፤ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ መዞር ያቆማል። በመጀመሪያ የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ እዩ፤ ከዚያ በዳሽቦርዱ ላይ የወጡትን የብልሽት ኮድ ቁጥሮች ጻፉ፤ ሳይጻፍ የጠፋ ኮድ መካኒኩን በጨለማ ያስዳክረዋል። ኮዱ ሁለት ቁጥሮች አሉት፦ ኤስፒኤን (SPN) የሚባለው ችግሩ የት እንዳለ፣ ኤፍኤምአይ (FMI) የሚባለው ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ ይናገራል። ኤስፒኤን 100 ከኤፍኤምአይ 1 ጋር ከመጣ የዘይት ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ወርዷል፤ መኪናው ይጎተት። ከ3 ወይም ከ4 ጋር ከሆነ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የሴንሰሩን ሽቦና ሶኬት ነው፤ ቢሆንም ትክክለኛው ግፊት በእጅ መለኪያ ሳይረጋገጥ አትንዱ። ምንም ኮድ ሳይመዘገብ መብራቱ ሁሉ አብሮ ከጠፋ የባትሪውን ማሰሪያና ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ፈትሹ። እየተንገጫገጨ ከጠፋ የናፍጣውን ፊልትሮ ፈትሹ።